ከስፒከሩ በፊት ጠረጴዛውን ዝም አሰኙት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ድምፅ በመቅዳትና ሚክስ በማድረግ (የተቀዳውን በማዋሃድና በማስተካከል) 11 ዓመት የሠራሁ፣ ስቱዲዮዬም በኮንዶሚኒየም ቤቴ አንዷ ክፍል ውስጥ ያለች የዘወትር አንባቢያችሁ ነኝ። ሰሞኑን በቤታቸው ስቱዲዮ ስለከፈቱ ወጣቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደስ ይላል። ልጆቹ ስለ ማይክራፎን፣ ስለ ኮምፒውተር፣ ስለ ሞኒተር ስፒከር ዋጋ ብዙ ተናግረዋል። ፎቶዎቹን ሳይ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሁሉም ስፒከሮቻቸውን በቀጥታ ጠረጴዛ ላይ ነው ያስቀመጡት። ከሥር ምንም የለም። አንደኛው ጠረጴዛ ደግሞ መሳቢያ አለው፣ በዚያ ላይ ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል። ልጁ ቤዙ እንደማይጠራለት ተናግሮ ተለቅ ያለ ስፒከር ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀመ መሆኑን ገልጿል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእሱና እንደ እሱ ላሉ ልጆች ነው። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ጠረጴዛችሁን አዳምጡት።

እኔ ይህን ያወቅኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አንድ በገና ደርዳሪ አባት መጥተው ሦስት መዝሙር ቀዳሁላቸው። ቀረጻው ጥሩ ነበር። ሚክስ ሳደርግ ግን በገናው ከታች በኩል ከመጠን በላይ ያጉረመርምብኝ ጀመር፣ ዝዝ የሚለው ድምፁም በዛብኝ። በገና እንደሚታወቀው ዝዝ ይላል። ከበግ አንጀት የሚሠሩት አሥሩ አውታሮች በርኩማው ላይ ሲያርፉ በመካከላቸው እንዚራ የምትባል ትንሽ ቆዳ ትገባለች፣ ያንን የሚነዝር ድምፅ የምትሰጠው እሷ ናት። በገናን በገና የሚያሰኘውም ይኸው ነው። እኔ ግን የሰማሁት ዝዝታ ከዚያ ያለፈ መሰለኝ። በኢኪው (የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ክፍል ለየብቻ በሚቀንሰውና በሚጨምረው ማስተካከያ) 140 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 140 ጊዜ የሚነዝረው ድምፅ፣ አካባቢ ቆረጥኩት፣ ዝዝታውንም ቀነስኩት፣ እስኪጠራልኝ ድረስ አስተካክዬ ላክሁላቸው።

በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። በልጃቸው መኪና ውስጥ ሰምተውታል። "ልጄ፣ በገናዬን ምን አደረግህብኝ? ከሳብኝ እኮ" አሉኝ። አፈርኩ። እስቲ እንስማው ብዬ ከፈትኩላቸው። እሳቸው ከጎኔ ቁጭ ብለው እየሰሙ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። በገና ደርዳሪ መሣሪያውን ወደ ሰውነቱ አስጠግቶ ስለሚጫወት ንዝረትን በሰውነቱ መስማት ለምዷል። ትንሽ ቆዩና "ይኼ ጠረጴዛህም አብሮኝ ይደረድራል" አሉ። እጄን አስቀመጥኩ። እውነታቸውን ነው። መሳቢያውን ሳወጣው ከዝዝታው ግማሹ ጠፋ። ውስጡ ሽቦና ቁልፍ ነበር።

ማለትም እኔ ስቆርጠው የነበረው የጠረጴዛዬን ድምፅ ነው። ጠረጴዛው ግን እሳቸው ጋ አብሮ አልሄደም። መኪናቸው ውስጥ የደረሰው ድምፁ የጎደለበት በገና ብቻ ነው። ያን ቀን የተሰማኝን እስካሁን አልረሳሁትም። የሰው ጸሎት ነው ያበላሸሁት።

ነገሩ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት ክራር ማሰብ ይበቃል። የክራርን ጅማት ብቻውን ወጥራችሁ ብትመቱት ከጎናችሁ ያለ ሰው እንኳ በቅጡ አይሰማውም። ያው ጅማት በርኩማ ላይ አርፎ፣ በርኩማው በገበቴው ላይ የተወጠረውን ቆዳ ሲነቀንቅ ግን ቤቱ ይሞላል። ድምፁን ትልቅ የሚያደርገው የሚንቀሳቀሰው ገጽ ስፋት ነው። ስልክም እንደዚሁ ነው፤ ንዝረት ላይ አድርጋችሁ በእጃችሁ ስትይዙት ዝም ይላል፣ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት ክፍሉን ያንጫጫል። ስፒከራችሁን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡ ክራር እየሠራችሁ ነው። ስፒከሩ ጅማት ነው፣ እግሮቹ በርኩማ፣ ጠረጴዛው ገበቴ።

በቁጥር እንየው። የአንድ ባለ 5 ኢንች ስፒከር ቤዝ የሚሰጠው ክፍል የሚንቀሳቀሰው ክብደቱ 15 ግራም አካባቢ ነው እንበል፣ ሙሉው ሳጥን ደግሞ 6 ኪሎ። ይህ የስፒከሩ ክፍል ወደፊት ሲወረወር ሳጥኑ ወደኋላ ይገፋል፤ የኒውተን ሦስተኛው ሕግ ነው። ሳጥኑ በ400 እጥፍ ስለሚከብድ እንቅስቃሴው በ400 እጥፍ ያንሳል። ከፊት በኩል 2 ሚሊ ሜትር ቢንቀሳቀስ ሳጥኑ የሚንቀሳቀሰው 5 ሺኛ ሚሊ ሜትር ነው። ከፀጉር ውፍረት እንኳ በብዙ ያነሰ ነው። ታዲያ ምን አለበት ትሉ ይሆናል። የስፒከሩ የሚንቀሳቀስ ገጽ 90 ካሬ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ጠረጴዛው ግን 150 በ70 ቢሆን ከ10 ሺህ ካሬ ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ከመቶ እጥፍ በላይ ማለት ነው። በዚያ ላይ ማንኛውም ጠረጴዛ የራሱ የሚወደው ድምፅ አለው፤ ያንን ሲያገኝ ንዝረቱ ይደራረብና ያድጋል፣ ሙዚቃው ካቆመ በኋላም ትንሽ ይቆያል። የእኔው ቺፑድ ጠረጴዛ የሚወደው 140 ሄርዝ አካባቢ ነበር። የወንድ ድምፅ፣ የበገና፣ የቤዝ ክራር ሙቀት ያለው እዚያው ሰፈር ነው።

ስለዚህ መፍትሔው በርኩማውን ማንሳት ነው። በስፒከሩና በጠረጴዛው መካከል የሚለጠጥ ነገር ማስገባት።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም መጀመሪያ ተሳስቼ ነበር። ለስለስ ያለ ነገር ሁሉ ይሠራል የሚባለው ትክክል አይደለም። መጀመሪያ ያደረግኩት ከአንድ ሱቅ የገዛሁትን ወፍራም ጎማ ቆርጬ ከሥር ማስገባት ነው። ሻጩ ንዝረት በሙሉ ይጠፋል ብሎኝ ነበር። ቤዙ እንዲያውም ባሰበት። ምክንያቱን ቆይቼ ነው ያወቅኩት። ማንኛውም ክብደት የሚለጠጥ ነገር ላይ ሲቀመጥ በራሱ ፍጥነት መወዛወዝ ይፈልጋል፣ ልክ እንደ መኪና ሞላ። በዚያ ፍጥነት የሚመጣ ድምፅ ሲያገኝ ንዝረቱን ይጨምረዋል እንጂ አይቀንሰውም። መቀነስ የሚጀምረው ከዚያ ፍጥነት 1.4 እጥፍ በላይ ሲኬድ ነው። ሦስት እጥፍ ላይ ሲደረስ ወደ ጠረጴዛው የሚያልፈው ንዝረት ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ይወርዳል።

ያንን ፍጥነት ለመገመት መሣሪያ አያስፈልግም፣ ማስመሪያ ይበቃል። ስፒከሩ ሲቀመጥበት ያ ነገር በስንት ሚሊ ሜትር እንደተጨመቀ ለኩ። በ1 ሚሊ ሜትር ከተጨመቀ ፍጥነቱ 16 ሄርዝ አካባቢ ነው። በ4 ሚሊ ሜትር ከሆነ 8 ሄርዝ። በሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ 32 ሄርዝ። የእኔ ጎማ በዓይን የሚታይ ለውጥ አልነበረውም። 5 መቶኛ ሚሊ ሜትር ቢጨመቅ እንኳ ፍጥነቱ 70 ሄርዝ ይሆናል፣ ኪክ ድራሙና (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ቤዝ ጊታሩ መሀል ላይ ማለት ነው። 70ን የሚያጎላ፣ ከ100 ሄርዝ በታች ምንም የማይቀንስ ነገር ነው በገንዘቤ ገዝቼ ያስገባሁት። ስፖንጅና ጎማ በፍጥነት ሲነቀነቁ ከሚታዩት በላይ ስለሚጠነክሩ እውነተኛው ቁጥር ከዚህም ከፍ ይላል። ስለዚህ ቢያንስ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሰምጥ ነገር ፈልጉ።

በጣም ለስላሳውም አይሆንም። የፍራሽ ስፖንጅ በትናንሹ ቆርጣችሁ ከሥር ብታደርጉ ስፒከሩ ሙሉ በሙሉ ይደፈጥጠዋል። የተደፈጠጠ ስፖንጅ ደግሞ ከእንጨት አይለይም። ደግሞ ስፒከሩ ዘመም ዘመም ይላል፣ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክፍል) ወደ ጆሯችሁ መሆኑ ቀርቶ ወደ ደረታችሁ ያያል። እኔ በመጨረሻ የረጋሁበት ይህ ነው፦ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንከር ያለ ስፖንጅ በአራት ቁራጭ፣ በላዩ የግራናይት ቁራጭ፣ በግራናይቱ ላይ ስፒከሩ። ግራናይቱን ያገኘሁት የኩሽና ጠረጴዛ ከሚቆርጡ ሠራተኞች ነው፤ ትርፍራፊ ስለሆነ በትንሽ ብር ሸጡልኝ። 30 በ25 ሴንቲ ሜትር ሆኖ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ 4 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ክብደቱ ሁለት ሥራ ይሠራል። ስፒከሩን ያረጋጋዋል፣ ስፖንጁንም በደንብ ስለሚያሰምጠው ፍጥነቱን ዝቅ ያደርገዋል። ቁራጮቹን መጀመሪያ በትልቁ ቁረጡ፣ ከዚያ የምትፈልጉት ልክ እስኪሰምጥ ድረስ እየቀነሳችሁ ሞክሩ። ከፊት በኩል ያሉትን ትንሽ ተለቅ ማድረግ ጥሩ ነው፣ የስፒከር ክብደት ብዙ ጊዜ ወደፊት ያደላልና። ስፖንጅ ከጊዜ ጋር ይሞታል። እኔ በዓመት አንዴ እቀይረዋለሁ።

አቅም ያለው የተዘጋጀውን ይግዛ። የፊንላንዱ ጄኔሌክ ከብዙዎቹ ስፒከሮቹ ጋር አይሶፖድ የሚባል፣ ስፒከሩን ቀና ወይም ዘንበል ለማድረግ የሚያስችል የጎማ መቀመጫ አብሮ ይሰጣል። የካናዳው አይሶአኩስቲክስ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መቆሚያ አለው፤ ኦራሌክስ ደግሞ ሞፓድ የሚባል ስፖንጅ ይሸጣል። ጥሩ ነገሮች ናቸው። ስትገዙ ግን የስፒከራችሁን ክብደት አይታችሁ ግዙ። ለ15 ኪሎ የተሠራ መቆሚያ 5 ኪሎ ስፒከር ቢቀመጥበት አይሰምጥም፣ ካልሰመጠ ደግሞ አይሠራም።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ልዩነቱን ለክተው ምንም አላገኘንም የሚሉ ሰዎች አሉ። አምናቸዋለሁ፣ ምክንያቱም የሚለካበት ቦታ ይወስነዋል። ስፒከሩ ከባድ የብረት መቆሚያ ላይ ሆኖ መቆሚያው ሊሾ ወለል ላይ ከቆመ የሚነቃነቅ ነገር ስለሌለ ስፖንጅ የሚቀንሰው ነገር የለም። እንዲህ ያለ ቦታ ያለው ሰው ገንዘቡን ሌላ ነገር ላይ ያውል። ቀጭን ቺፑድ ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ፣ ብፌ፣ የእንጨት ወለል ላይ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ደግሞ አንዳንዱ ሰው ስፖንጅ አስገብቶ ድምፁ ጠራልኝ የሚለው ስፒከሩ ከፍ ስላለለት ነው። ከጠረጴዛው ገጽ ነጥሮ ወደ ጆሮ የሚመጣ ድምፅ አለ፤ በቀጥታ ከሚመጣው 17 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ መንገድ ቢሄድ በግማሽ ሚሊ ሰከንድ ይዘገይና 1000 ሄርዝ አካባቢ ያለውን ያጎድለዋል። ስፒከሩ ከፍ ሲልና ቀና ሲል ይህ ይለወጣል። ጥቅም ነው፣ ግን ከንዝረት ጋር አይገናኝም።

ስፖንጁ የክፍሉንም ድምፅ አይለውጠውም። ርዝመቱ 4 ሜትር በሆነ ክፍል ድምፁ 43 ሄርዝ ላይ ያብጣል፣ 3 ሜትር በሆነው ጎኑ ደግሞ 57 ሄርዝ ላይ። ይህ በአየሩና በግድግዳው መካከል ያለ ጉዳይ ነው፣ ከሥር ምን ብታስገቡ አይነካውም። ለዚያ የስፒከሩንና የመቀመጫችሁን ቦታ ማዘዋወር፣ ማዕዘኖቹ ላይ ድምፅ የሚመጥ ወፍራም ነገር መከመር ነው ያለው።

ስለ ጎረቤት ደግሞ። አንዳንድ ሻጮች ይህን ነገር ከሥር ካስገባችሁ ጎረቤት አይሰማም እያሉ ይሸጣሉ። ይህ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ልጆቹ አምነው ሌሊት ከፍተው ይሠሩና ከሰው ይጣላሉ። ከግድግዳዬ ማዶ ያሉ አንዲት እናት ነበሩ፣ አንድ ቀን በር አንኳኩተው "ልጄ፣ ከበሮህ ብፌዬ ውስጥ ገባ፣ ብርጭቆዎቼ ይንጫጫሉ" አሉኝ። ጠረጴዛዬ በብሎኬቱ ግድግዳ ላይ በብሎን የታሰረ ነበር። ንዝረቱ በጠረጴዛው፣ በብሎኑ፣ በግድግዳው አድርጎ ብፌያቸው ድረስ ይሄዳል። ብሎኑን ፈታሁ፣ ጠረጴዛውን ሁለት ጣት ያህል ከግድግዳው አራቅሁ፣ ስፖንጁንና ግራናይቱን አስገባሁ። ከሳምንት በኋላ ጠየቅኋቸው። ብርጭቆዎቹ ዝም ብለዋል። ከበሮው ግን ይሰማል አሉ። ልክ ናቸው። በአየር ሄዶ ግድግዳውን የሚመታው ቤዝ እንዳለ ነው፣ እሱን ስፖንጅ አያስቆመውም። አሁን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ በጆሮ ማዳመጫ ነው የምሠራው። ከእሳቸውም ጋር ቡና እንጠጣለን።

ከመግዛታችሁም ከመቁረጣችሁም በፊት ሞክሩ። ስልካችሁ ላይ አንድ ወጥ ድምፅ የሚያወጣ መተግበሪያ ጫኑና ከስፒከሩ ጋር አገናኙት። ከ40 ሄርዝ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ እስከ 300 ድረስ ውጡ። አንድ እጃችሁ ጠረጴዛው ላይ ይሁን። የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ እጃችሁ ይነዝራል። ያንን ቁጥር ጻፉት። ከዚያ ስፒከሩን አንድ ሰው በእጁ ከጠረጴዛው ከፍ አድርጎ ይያዝላችሁ፣ ያንኑ ቁጥር ድገሙት። ልዩነቱ በጆሮ ከተሰማችሁ ስፖንጅ ያስፈልጋችኋል፣ ካልተሰማችሁ ተዉት። በቁጥር ማየት የሚፈልግ ፋይፎክስ የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ ይጫን፤ በጀርመን የአኸን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነው፣ የስልኩን የንዝረት መለኪያ ያሳያችኋል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አጋድማችሁ በፊትና በኋላ ማየት ነው። የስልክ መለኪያ ዝቅተኛውን ድምፅ ብቻ ስለሚከታተል ለእሱ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ላለው መዳፋችሁን እመኑ። ማይክራፎናችሁንም ከዚሁ ጠረጴዛ ላይ አውርዱት፣ የሚነዝረውን ሁሉ ይቀዳልና።

የበገና ደርዳሪውን አባት ሦስት መዝሙሮች እንደ አዲስ ሠራኋቸው። 140 ላይ የቆረጥኩትን መለስኩ፣ እንዚራውንም እንዳለ ተውኩት። ገንዘብ አልተቀበልኩም። በዚያው መኪና ውስጥ አብረን ሰማነው፣ እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

ፎቶው ላይ ያለው፣ መሳቢያ ያለው ጠረጴዛ ባለቤት ይህን ካነበበ ዛሬውኑ መሳቢያውን ያውጣውና ጠረጴዛውን ከግድግዳው ያርቀው። አዲሱን ስፒከር ለመግዛት አይቸኩል። ሁለት የግራናይት ቁራጭ ተርፎኛል፣ ለባለ 5 ኢንች ስፒከር ልኩ ነው። በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ከጠየቀኝ ስፖንጁንም ቆርጬ፣ ቤቱ ድረስ አምጥቼ እገጥምለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የድምፅ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ